ሳላየው «አይቼዋለሁ» ያልኩት ሳህን

ጡረታ የወጣሁ ቀን የሥራ ባልደረቦቼ ኬክ ገዝተው ጠበቁኝ። ላዩ ላይ በሰማያዊ ክሬም «ሦስት ጊዜ የምታየው ዊኒ» ብለው አጽፈውበታል። ስሜ ወይንሸት ነው፤ ዊኒ ብሎ ያወጣልኝ የድሮ አለቃዬ ሬይ ነው። ኬኩን ቆርሰው በወረቀት ሳህን አድርገው ሰጡኝ። ሳህኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አንዷ በደስታ የተነሣ መስሏት አቀፈችኝ። ደስታ አልነበረም። እፍረት ነበር።

ሥራዬ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሊያንድሮ ከተማ፣ የአደን ጠመንጃና ጥይት የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምታውቁ ጥቂት ናችሁ። ቤተ ክርስቲያን ስትጠይቁኝ «የስፖርት ዕቃ ሱቅ» ነበር የምላችሁ። አንዲት እህት ለልጇ ኳስ በቅናሽ እንዳመጣላት ብትለምነኝ፣ እውነቱን ከመናገር ከሌላ ሱቅ በሙሉ ዋጋ ገዝቼ ሰጥቻታለሁ። ውሸት እንዲህ በትንሹ ይለመዳል።

የገባሁት ለጽዳት ነበር። በዲቪ መጥተን ፍሩትቬል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር፤ ባለቤቴ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፤ ልጃችን ሜሮን ስድስት ዓመቷ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ክፍያው ከሌላው ጽዳት ትንሽ ይሻል ስለነበር ሄድኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከጠመንጃዎቹ ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር የምጠርገው። ቤት ስገባ ሜሮንን ከማቀፌ በፊት እጄን እስከ ክርኔ እታጠብ ነበር። «ማም፣ ምን ነክተሽ ነው?» ስትለኝ «አቧራ» እላታለሁ።

ሬይ ያኔ የሱቁ ባለቤት ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ በሱቁ ውስጥ የሚሰበር ነገር ሁሉ በራሱ እጅ የሚጠግን ሰው ነበር። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ወደ ውጭ ወጣ። መንካት አልደፈርኩም፤ ትቼው ማለፍም አልቻልኩም። መጥረጊያዬን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ሬይ መጣና «ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ባዶ መሆኑን ማን አየ?» አልኩት በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

ከፍቶ አሳየኝ። «ባዶ ነው።»

«እንደገና።»

እንደገና አሳየኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደ። «የማይፈራ ሠራተኛ ሞልቶኛል፤ እኔ የምፈልገው የሚፈራ ሰው ነው» አለኝ። ባንኮኒ ጀርባ የቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ወረቀቱ፣ የአሻራው ምርመራ፣ ፈቃዱ ወራት ፈጀ። ሬይ ጠበቀኝ።

እንግሊዝኛ ሳነብ ቀስ እላለሁ፤ ቁጥር ላይ ግን አልሳሳትም። ሬይም ይህን አይቶ በቁጥር በኩል ነው ያስተማረኝ። የጠመንጃው በርሜል ላይ የጥይቱ ስም ተቀርጿል፤ ጥይቱም ቂጡ ላይ ስሙን ይዟል። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ አይሸጥም። ስለዚህ አንድ ሰው «ከበፊቱ የበለጠ ኃይል ያለው ጥይት እፈልጋለሁ» ሲል ሌላ ጠመንጃ ሽጥልኝ ማለቱ ነው። ለሻጭ ደስ የሚል ነገር ነው። ሬይን ግን ደስ አይለውም ነበር።

የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲቃረብ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ደንበኞቹ ይመጡ ነበር። ሬይ ሁልጊዜ ፖም በሰንጢ እየቆረጠ ይበላል። «ኃይል» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፖሙን ያስቀምጣል። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቃል። የመጨረሻው አጋዘን እንዴት ቆሞ ነበር? የት መታኸው? ከዚያ ምን አደረገ? መልሱን ዝም ብሎ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ደንበኛው ራሱ ሲናገር ጥፋቱ የጥይቱ እንዳልሆነ ይገባዋል። የእኛ አገር፣ ማለቴ የካሊፎርኒያ ዳርቻ አጋዘን፣ ትንሽ ነው። ቱ ፎርቲ ስሪ የምንለው ቀጭኑ ጥይት በትክክለኛው ቦታ ከገባ ይበቃዋል። ስሪ ኦ ኤይት የምንለው መካከለኛው ይተርፈዋል። ስሪ ሀንድረድ ማግነም የሚባለው ግን ከዚህ ሦስት አራት እጥፍ ለሚከብድ አውሬ፣ ሩቅ ለሚተኩስ ሰው ነው።

ትልቅ ጥይት ትከሻን ይረግጣል፤ ትከሻ ደግሞ አይረሳም። ሁለተኛ ስትተኩስ ምላጩን ሳትስብ ዓይንህ ይጨፈናል፣ እጅህ አፈሙዙን ወደ ታች ይጎትታል። ሰውየው አይታወቀውም። በጀግንነትም አይድንም። ሬይ «ትልቅ ጥይት የተሳሳተ ቦታን አያስተካክልም» ይል ነበር።

ስለዚህ ከባንኮኒው ሥር አንድ ቁልል የወረቀት ሳህን አለው፤ ልደት ላይ ኬክ የሚበላበት ዓይነት። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ በዚያ ሳህን ልክ ነው። ትልቅ ጥይት ለሚፈልግ ሰው አንድ ሳህን ይሰጠዋል። «ትልቁን ጠመንጃ ከሰው ተዋስ ወይም ከተኩስ መለማመጃው ተከራይ። መቶ ያርድ ላይ አምስት ተኩስበት። አምስቱም ከገቡ ፈርመህ አምጣልኝ፣ እሸጥልሃለሁ።» ያለፉት ሰዎች ሳህን እንደ ዲፕሎማ ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነበር።

አንድ ከሳን ሆዜ የሚመጣ ግዙፍ የጭነት መኪና ሹፌር ትዝ ይለኛል። ትከሻው በር ይሞላል። ሳህኑን ይዞ ሲመለስ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ ሁለቱም ጠርዙ ላይ። ፊቱ ቀልቶ «ጠመንጃው ችግር አለበት» አለ። ሬይ ፖሙን አጋመሰለትና «ሁላችንም እንደነግጣለን» አለው። ትልቁን አልሸጠለትም፤ በፊት ለያዘው ጠመንጃ ሁለት ፓኮ ጥይት ሰጥቶ ተለማመድ ብሎ ሸኘው። በዓመቱ ሰውየው የአጋዘን ሥጋ በበረዶ ሳጥን አምጥቶልን ነበር። እኔ ከሬይ ጎን ቆሜ እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንዲት ቀጠን ያለች ነርስ ባሏ ማግነም ሊገዛላት ሲል ሳህኑን ለሁለቱም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እሷ አምስት አስገባች፣ በትንሹ ጥይት። እሱ ሳህኑን ሳያመጣ ቀረ።

እንግዲህ ሳላውቅ አይደለም።

ጋሼ ታምሩ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ መሐንዲስ ናቸው። ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ይኖራሉ። እኛ እንደመጣን ሰሞን ከመንግሥት የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ይዘን የምንሮጠው እሳቸው ዘንድ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ፣ ፎርሙን ይሞላሉ፣ ከዚያ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው «እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ልጄ» ይሉኛል። ሜሮንን ትምህርት ቤት ያስመዘገቡልኝ እሳቸው ናቸው። አደን እንደሚወዱ እሰማ ነበር፤ ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ኮረብታው ላይ የአንድ የድሮ የሥራ ጓደኛቸው የከብት እርሻ አለ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እዚያ ይወጣሉ።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ሬይ ጥርስ ሐኪም ዘንድ በሄደበት ሰዓት፣ የሱቁ በር ተከፈተና ገቡ። ባንኮኒው ጀርባ ሲያዩኝ ቆባቸውን አነሱ።

«ወይንሸት! የግምጃ ቤቱ ሹም አንቺ ነሽ እንዴ? የስፖርት ዕቃ ነው ስትዪን!»

«ይህም ስፖርት ነው፣ ጋሼ» አልኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ነውማ! ሯጩ አጋዘኑ፣ ተመልካቹ እኔ።» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አምና አንዱን መትቼ አመለጠኝ። ግርማን ታውቂው የለ? ይኸው ዓመቱን ሙሉ እየደወለ 'አጋዘኑ በሰላም ቤቱ ገባ?' ይለኛል። 'ጋሼ ታምሩ ቆንጥጠው ነው የሚለቁት' ብሎ ለሰው ሁሉ አወራብኝ። በዚህች በቱ ፎርቲ ስሪ አልሆነልኝም። የሚጥል ስጪኝ፣ ልጄ። የቆመበት ቀጥ አድርጎ የሚጥል።»

ሦስቱ ጥያቄዎች አፌ ላይ መጡ። እንዴት ቆሞ ነበር? የት መቱት? ከዚያ ምን አደረገ? ሳህኖቹ ከጉልበቴ አጠገብ ናቸው። ጎንበስ ብዬ አንዱን ማውጣት ብቻ ነበር።

አላወጣሁም። የሰባ አምስት ዓመት ሰው፣ የተማሩ፣ ደብዳቤዬን ያነበቡልኝ፣ ቆመው እንደ ልጅ «የት መቱት?» ልበላቸው? ቆባቸውን የያዘችው እጃቸው ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር። ያንን እያየሁ «አምስት ተኩሰው፣ ፈርመው ያምጡ» ብላቸው እጅዎ አይረባም ማለት መሰለኝ። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲሉኝ የኖሩት እሳቸው ናቸው። አሳፍራቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። እንደገና ባስበው የፈራሁት ለራሴ ነው፤ በሰው ዘንድ «ያቺ ወይንሸት ጋሼ ታምሩን ፈተነቻቸው» እንዳይባል።

ትልቁን ከመደርደሪያ አወረድኩላቸው።

ማታ ሊዘጋ ሲል ሬይ የቀኑን ወረቀት ሲያይ ቆመ። «ስሪ ሀንድረድ? ለእኛ አጋዘን? ሳህኑ የታለ?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

«አምስቱም ገብተዋል?»

«አምስቱም። ይዞት ሄደ።»

ሬይ ሌላ አልጠየቀም። ሦስት ጊዜ ለምታይ ሴት ማን ሁለተኛ ይጠይቃል? በማግሥቱ ስኮፑን፣ ማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ ራሱ በጠመንጃው ላይ ገጠመው። ለትልቅ ጥይት ስኮፑ ከዓይን መራቅ አለበት፤ አለዚያ ሲረግጥ ቅንድብን ይመታል። በማስመሪያ ለካ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ እንደገና ለካ።

በካሊፎርኒያ ሕግ ጠመንጃ የገዛ ሰው አሥር ቀን መጠበቅ አለበት። ሕጉ ለሌላ ነገር የወጣ ነው፤ ለእኔ ግን አሥር ቀን የንስሐ ጊዜ ነበር። በየጠዋቱ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ «ዛሬ እደውላለሁ» እላለሁ። ስልኩን አውጥቼ ስማቸውን አይና መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ቤት ደርሼ የምድጃውን እሳት ሦስት ጊዜ አየዋለሁ፣ የበሩን ቁልፍ ሦስት ጊዜ፣ ሜሮን ትምህርት ቤት መድረሷን ሦስት ጊዜ ደውዬ። ይህን አንዱን ግን አልደወልኩም።

በአሥረኛው ቀን ሦስት ሳህን በፌስታል አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። «ጋሼ፣ የሱቁ ልማድ ነው» ብዬ በጨዋታ ልሰጣቸው። እሳቸው ግን ያንን ግርማን ይዘው መጡ።

«ይኼ መድፍ ነው!» አለ አቶ ግርማ ጠመንጃውን ሲያይ። «ጋሼ፣ አጋዘኑን ነው ወይስ ኮረብታውን ነው የሚመቱት?»

«አንተን ነው መጀመሪያ» አሉት።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በጓደኛቸው ፊት ሳህን አውጥቼ መስጠት አልቻልኩም። ፌስታሉን በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋሁት።

አደኑ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ፣ ጋሼ ታምሩ ተመልሰው መጡ። ቀኝ ቅንድባቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ዓይናቸው ጠቁሮ አብጧል። ጠመንጃውን በሣጥኑ አድርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ሬይም እኔም ነበርን። ተረጋግተው በእንግሊዝኛ ተናገሩ። ወደ ዳገቱ ሲተኩሱ ስኮፑ መታቸው። ደሙ ዓይናቸውን ሸፈነው። ጠርገው ሲያዩ አጋዘኑ የኋላ እግሩን እየጎተተ ወደ ገደሉ ቁጥቋጦ ሲወርድ ነው። ከእርሻው ባለቤት ጋር ያን ቀንና በማግሥቱ ፈለጉት። አላገኙትም።

«የኋላ እግሩ ተሰብሯል» አሉ። «በሁለት ቀን ውስጥ የሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ሬይ ወንበር አቀረበላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዊኒ፣ የዚህን ሰው ሳህን አይተሻል አይደል?»

ጋሼ ታምሩ ባልተሸፈነው ዓይናቸው አዩኝ። ስለ ምን ሳህን እንደሚወራ ግድግዳው ላይ ያሉትን አይተው ያውቃሉ።  ለመናገር አፌን ከፍቻለሁ፤ ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አሳይቻታለሁ» አሉ እሳቸው። «አምስቱም ገብተው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሬይ ራሱን ነቀነቀ። «አምስት ያስገባ ሰው በስኮፕ አይመታም። የገጠምኩት እኔ ነኝ። ወደ ኋላ አቅርቤው ይሆናል።» ማስመሪያውን አውጥቶ ለካ። ልክ ነበር። እንደገና ለካ። ልክ ነበር። «እንግዲህ ዓይኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እጄም እንደ ድሮው አይደለም።» ጋሼ ታምሩን ይቅርታ ጠየቃቸው። ገንዘባቸውን መለሰላቸው። ከማስመሪያው ይልቅ የእኔን ቃል አመነ።

እየሮጥኩ ወደ መኪና ማቆሚያው ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አሉ?»

«አንቺ ቀድመሽ አይቼዋለሁ ብለሽው የለም? እንጀራሽን ልቁረጥብሽ?»

«ጋሼ፣ የት ነበር ያነጣጠሩት?» አልኩ። ያኔ ጠየቅሁ። ካለቀ በኋላ።

ወደ ሱቁ በር አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ወገቡ ላይ፤ ወደ ኋላው ጠጋ አድርጌ። አምናም እንደዚያው። ደረቱን ከመታሁትማ ሳልደርስበት ነፍሱ ይወጣል። በስመ አብ ብዬ ካላረድኩት ማን ይበላዋል? እኔ አልበላውም፣ ግርማም አይበላውም። የቆመበት ወድቆ፣ በሕይወት እንዲጠብቀኝ ነው ትልቁን ያልኩሽ። ይህን ለፈረንጅ እንዴት ብዬ ላስረዳው?»

እዚያው መኪናቸውን ተደግፌ ቀረሁ። ለፈረንጅ ማስረዳት አይቻል ይሆናል። እኔ ግን ፈረንጅ አይደለሁም። በዚያ ሱቅ ውስጥ፣ በዚያ ከተማ ምናልባት፣ «ጋሼ፣ ለማረድ ብለው ነው እንዴ ወደ ኋላ የሚመቱት?» ብሎ መጠየቅ የሚችል አንድ ሰው ነበረ። እሷም ዝም አለች። ብጠይቃቸው ኖሮ በየትኛውም ጥይት ወገብ መምታት አውሬውን ማሰቃየት እንደሆነ እነግራቸው ነበር። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ አጋዘኑን ግን ደረቱን ይምቱት፣ ወይም ይተዉት እላቸው ነበር። ሬይ ሃያ ዓመት ቢጠይቅ የማያገኘውን መልስ እኔ በአንድ ቃል አገኘው ነበር። ለዚህ ነው እግዚአብሔር እዚያ ያስቀመጠኝ ብዬ አስባለሁ፤ ለዚያች አንዲት ጥያቄ።

ሬይ ከዚያ ቀን በኋላ ስኮፕ አልገጠመም። ሰው ሲያመጣ መፍቻውን ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል። አንድ ቀን የመሳቢያው ብሎን ላልቶ አይቶት «አንቺ አጥብቂው» አለኝ። ፖሙንም በሰንጢ መቁረጥ ትቶ እንዳለ ይገምጠው ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ሱቁን ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶ ሳን ሆዜ ልጁ ዘንድ ገባ። ሲሰናበተኝ «ዓይንሽ ከእኔ ይበልጣል» አለኝ።

እኔ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ሳህኑን ሳላይ ለማንም ትልቅ ጥይት ሸጬ አላውቅም። ለሽማግሌም፣ ለፖሊስም፣ ለአገሬ ሰውም። ሦስት ጊዜ አያለሁ። አዲሶቹ ሠራተኞች ይህን አይተው ነው ኬኩ ላይ ያጻፉልኝ። ጠባዬ መሰላቸው፤ ቅጣቴ ነበር።

በኬኩ ዕለት ባዶውን የወረቀት ሳህን ይዤ ቤት ገባሁና ለሜሮን ሁሉንም ነገርኳት። አሁን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ማም፣ ሬይ እስካሁን ሂዝ ፎልት፣ የእሱ ጥፋት ይመስለዋል?»

«አዎ።»

«ኢን ዘ ካር፣ ግቢ» አለች ቁልፏን አንስታ።

መጀመሪያ ግን ጋሼ ታምሩ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ፤ ውሸቱ የሁለታችን ነው። ቅንድባቸው ላይ ያለው ጠባሳ ነጭ መስመር ሆኗል። ወደ አደን ከወጡ ሰባት ዓመታቸው ነው። እውነቱን ለሬይ ልነግረው እንደምፈልግ ስነግራቸው ተነሥተው ከመጽሐፍ መደርደሪያቸው ላይ ትልቅ ፖስታ አወረዱ። ውስጡ አንድ የወረቀት ሳህን ነበር።

«ግድግዳው ላይ ያሉትን አይቼ ነበር» አሉ። «ልማዳችሁ መሆኑ ገብቶኛል። አንቺ ስላልጠየቅሽኝ ራሴ ገዝቼ፣ ጠመንጃውን በተረከብኩ ማግሥት ሄጄ ተኮስኩበት። ላመጣልሽ ነበር።»

ሳህኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ነበር። አንዱ ታች በግራ፣ ሌላው ጠርዙን ቀድዶ የወጣ። ሦስቱ የሉም።

«ለምን አላመጡልኝም፣ ጋሼ?»

«ይህን? ለአንቺ?» ሳህኑን አዩት። «እፍረት ያዘኝ፣ ልጄ።»

እሳቸው ለማሳየት አፍረው፣ እኔ ለመጠየቅ አፍሬ፣ በመካከላችን አንድ እንስሳ እግሩን እየጎተተ ሄደ፣ አንድ ሰው በእጁ ላይ እምነት አጣ።

እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ። «የት ጋ ልፈርም?»

ጣቴን ሳህኑ ላይ አደረግሁ። «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ጋሼ።»

ሳን ሆዜ ስንደርስ የሬይ ልጅ ሊንዳ በሩን ከፈተችልን። ሬይ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቀጥኗል። የመነጽሩ አንዱ ክንድ ላልቶ በነጭ ፕላስተር ታስሯል። ሊንዳ በሹክሹክታ «ብሎኑ ብቻ ነው የላላው፤ እኔ እስክሠራለት ይጠብቃል እንጂ መፍቻ አይነካም» አለችኝ። 

ቆሜ ነገርኩት። መቀመጥ አልቻልኩም። ሳህኑን እንዳላየሁ፣ ጋሼ ታምሩ ለእኔ ብለው እንደዋሹ፣ የት እንዳነጣጠሩና ለምን እንደሆነ። እንግሊዝኛ ሲጠፋኝ ሜሮን አቀበለችኝ። ከዚያ የተፈረመውን ሳህን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩ።

ለረጅም ጊዜ አየው። ጣቱን ታች በግራ ባለው ቀዳዳ ላይ አደረገ። «ዓይኑን ጨፍኗል» አለ። ከዚያ የተቀደደውን ጠርዝ ነካ። «እዚህም። ደንግጦ ወደ ፊት ተጠግቷል፤ ለዚህ ነው የመታው። ይህ ስኮፕ አይደለም።»

«አይደለም» አልኩ።

«ማስመሪያው ልክ ነው ብሎኝ ነበር።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ግን አየሁ አልሽኝ።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰባት ዓመት ዘግይቶ ለመጣ ይቅርታ ምን ይመለሳል? ሜሮን ክንዴን ያዘች። ልንወጣ ነው ብዬ ሳስብ ሬይ ልጁን ጠራት። «ሊንዳ፣ ትንሿን መፍቻ አምጪልኝ።»

ሊንዳ አየችኝ፤ ሄዳ አመጣች። ሬይ ፕላስተሩን ልጦ መነጽሩን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ፣ ብሎኑ እንዳይጠፋበት።  ሁለት ጊዜ መፍቻው ከብሎኑ ላይ ተንሸራተተ። ልረዳው እጄን ዘርግቼ መለስኩት። በሦስተኛው ያዘለት። ቀስ እያለ አዞረ፣ አዞረ፣ ቆመ።

ከዚያ መነጽሩን ወደ እኔ ዘረጋው። «እይልኝ» አለ።

ተቀበልኩት። ክንዱን ከፍቼ ዘጋሁ። እንደገና። ሦስተኛ ጊዜ። «ጠብቋል» አልኩት። «አይቼዋለሁ።»

ሬይ መነጽሩን ከእጄ ወሰደና እሱ ራሱ ደግሞ አየው።